የሊቅ እጅ

ሰው መምህሩን ሲያስመስል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከድምፁ በፊት የሚመጣው እጁ ነው። አንዱ መምህር ጠመኔውን እንደ ሲጋራ በሁለት ጣቶቹ መሐል ይሰካል። ሌላው አንድ ነገር ባስረዳ ቁጥር መዳፉን ዘርግቶ ይቆማል። ሦስተኛው ደግሞ ጣቱን ወደ ኮርኒሱ ከቀሰረ በኋላ ማውረዱን ይረሳል። አስመሳዩ ያችን አንዲት እንቅስቃሴ ካገኘ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ መምህሩም ስሙ ሳይጠራ ተጠራ ማለት ነው።

የካርቱን ሠዓሊ ሥራም ይኸው ነው። ጣሊያኖች ካሪካቱራ የሚለውን ቃል ያወጡት “መጫን” ከሚለው ግሳቸው ነው ይባላል። ከሰውየው መልክና አመል አንዷን መርጦ ሸክም መጨመር ነው ነገሩ። ረዘም ያለች አፍንጫ ኩምቢ ትሆናለች፣ ገፋ ያለ ሆድ ከበሮ ይሆናል። የባለሥልጣን ሸክም አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ሆዱ ላይ ነው። የሊቅ ሸክም ግን እጁ ላይ ነው።

እኔም ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ በእርሳስ የተሣለ ወረቀት አገኘሁ። ጭንቅላቴ ሎሚ ታክላለች፤ ሌባ ጣቴ ግን የመብራት ምሰሶ ሆና ከወረቀቱ ልትወጣ ምንም አልቀራት። እውነቱን ለመናገር ግሩም ሥዕል ነበር። ከሳቁ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጁ ስንት ወር ሙሉ ከለፈለፍኩት ውስጥ ይዞ የቀረው ይቺን ጣት ብቻ ይሆን? ይህ ጥያቄ የእኔ ብቻ አይደለም። አንድ ኅብረተሰብ ሊቁን ሲስል የትኛውን እጁን ይመርጣል? ከመረጠስ በኋላ ሊቁን እንዴት ነው የሚያየው?

መቼም እኛ እጅ የምናነብ ሰዎች ነን። አማርኛችን ራሱ ይመሰክራል። ለታላቅ እጅ እንነሣለን፣ ስንሸነፍ እጅ እንሰጣለን፣ ስንገረም እጃችንን በአፋችን እንጭናለን። የሰው ገንዘብ የሚያነሣውን እጁ ረጅም ነው እንለዋለን፤ ደግ ሠርቶ ምስጋና ያጣውን ደግሞ እጁ አመድ አፋሽ ነው እያልን እናዝንለታለን። ከአውራ ጣት ቀጥላ ያለችውማ ጉደኛ ናት፤ ሁለት ስም አላት። ሌባ ጣት ትባላለች፣ አመልካች ጣትም ትባላለች። ሌባውን ስለምትጠቁም ይሁን ወይም ራሷ ከሌባው ጋር ተቆጥራ እንጃ፣ አንዲቱ ጣት ከሳሽም ተከሳሽም ሆና ትኖራለች። ይህችን ጣት እባካችሁ ያዙልኝ፤ ወደ እሷ እንመለሳለን።

ይህ እጅ የማንበብ ልማድ በሥዕላችን ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ማየት የሚፈልግ ሰው ግንቦት 1 ቀን ወደ ልደታ ማርያም ብቅ ይበል። ከጧፉና ከዣንጥላው ጎን ሥዕለ አድኅኖ የሚሸጡ ልጆች ደጁን ሞልተውት ያገኛል። አንዱን ሻጭ “ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ነው?” ብዬ ጠይቄው ነበር። “ጋሼ፣ ፊቱንማ ሁሉም ያየዋል፤ እናቶች ግን እጁን ነው የሚመረምሩት” አለኝ። “የምትባርከው እጅ ግራ ከሆነች መልስ ይሉኛል።”

እናቶች እውነታቸውን ነው። ከሚሸጡት ሥዕሎች ሁሉ የታወቀውን ምስለ ፍቁር ወልዳን ልብ ብላችሁ እዩት። እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋለች፤ ቀኝ እጇ በግራዋ ላይ ተሻግራ ሁለት ጣቶቿ ተዘርግተዋል፤ በግራ እጇ መሐረብ ይዛለች። ይህ አሣሣል የመጣው ከሮማ ነው፤ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለው ጥንታዊ ሥዕል። ቅጂው በጀስዊት ሚስዮናውያን በኩል ወደ አገራችን ገብቶ በ17ኛው መቶ ዓመት ተስፋፋ። ሚስዮናውያኑ በአፄ ፋሲል ዘመን ተባረሩ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ። ሠዓሊዎቻችን ልብሷን ቀየሩ፣ ዓይኗን አሰፉ፣ መላእክት አቆሙላት። እጇን ግን ሳይነኩ ተቀበሉት።

ነገሩን የሚያስገርመው ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ከቬኒስ መጥቶ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እዚሁ አገራችን የኖረ ኒኮላ ብራንካሌዮን የሚባል ሠዓሊ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚህ በነበረበት ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ አግኝቶታል። ጀምስ ብሩስ በጻፈው ትረካ መሠረት ይህ ሰው እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ አቅፋ ቢስላት ሕዝቡ ተቆጣ። ግራ እጅ የውርደት እጅ ነው፣ እንዴት ጌታ በግራ ይታቀፋል ተባለ። እንግዲህ ልብ በሉ! ያን ጊዜ ያስቆጣው ግራ ክንድ ከመቶ ዓመት በኋላ ምስለ ፍቁር ወልዳ ላይ ሲመጣ ሰው ሁሉ ተሳለመው። እጁ ያው እጅ ነው፤ የተለወጠው አንባቢው ነው።

ፌዝና ነቀፋም በዚህ ሥዕል ቤት ውስጥ ቦታ አለው። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል፤ ይሁዳ፣ ሰይጣንና ጠላት ግን በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ይቀርላቸዋል። ካርቱን የሚለው ቃል ወደ አማርኛ ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት ሠዓሊዎቻችን ፍርዳቸውን እንዲህ አድርገው ያስቀምጡ ነበር። ሊቁስ እንዴት ተሣለ? የቅዱስ ያሬድን ሥዕል አስታውሱ። በአንድ እጁ መቋሚያ፣ በሌላው ጸናጽል ይዞ ያዜማል፤ ንጉሥ ገብረ መስቀል በተመስጦ ጦራቸውን እግሩ ላይ ተክለውበታል፤ ደሙ ሲፈስ ሁለቱም አያውቁም። የዚህ ሊቅ ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። አይለምንም፣ አይከስም፣ አይፈርድም።

ወደ አውሮፓ ሥዕል ስንሻገር የሊቁ እጅ ሌላ ሥራ ያገኛል። ክርክር! ሮማዊው የንግግር መምህር ኩዊንቲሊያን በአንደኛው መቶ ዓመት ስለ ተናጋሪ ሥልጠና በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ በ11ኛው ክፍል ውስጥ የጣቶችን አኳኋን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የትኛው ጣት ለጥያቄ፣ የትኛው ለወቀሳ እንደሚሆን ደንብ ነበረው። ራፋኤል ከ1509 እስከ 1511 እ.ኤ.አ. በቫቲካን ግድግዳ ላይ የአቴናን ፈላስፎች ሲሥል ይህን ቋንቋ ተጠቅሞበታል። ፕላቶ ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል፤ አርስቶትል መዳፉን ወደ ምድር ይዘረጋል። ሁለት ፍልስፍና በሁለት እጅ አለቀ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የጀርመኑ ሠዓሊ የአልብሬሽት ዱረር ሥዕል ነው። በ1506 እ.ኤ.አ. የተሣለ ሲሆን ዛሬ በማድሪድ ቲሰን ቦርኔሚሳ ሙዚየም ይገኛል። ሠዓሊው በአምስት ቀን ሠራሁት ብሎ ጽፎበታል። ታሪኩ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያለው ነው፤ የ12 ዓመቱ ኢየሱስ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል። ዱረር ስድስት ሊቃውንት በልጁ ዙሪያ ጠጋ ጠጋ አድርጎ ከነመጽሐፎቻቸው አቆማቸው። በሥዕሉ እምብርት ላይ ግን ፊት የለም፤ ያለው የአራት እጅ ጥልፍልፍ ነው። ሁለቱ የልጁ ናቸው፤ ነጥቦቹን በጣቱ አንድ፣ ሁለት እያለ ይቆጥራል። ሁለቱ የአንድ ሽማግሌ ሊቅ ናቸው፤ ጠማማ፣ አጥንታም፣ የልጁን ቁጥር ሊያቋርጡ የመጡ። የዚህ ሽማግሌ ፊት በጎን ነው የተሣለው፤ ጥርሱ የወላለቀ፣ አፍንጫውና አገጩ ሊነካኩ የደረሱ። ከሊዮናርዶ አስቀያሚ ፊቶች የተቀዳ ነው የሚሉ አሉ።

ይህን ሥዕል ስናደንቅ አንድ መራራ ነገር መዋጥ አለብን። ያ ፊት የአንድ ሽማግሌ ፌዝ ብቻ አይደለም፤ አውሮፓ በአይሁድ ላይ ያከማቸችው ጥላቻም አለበት። የእኛም ባለ አንድ ዓይን ሥዕሎች ከዚህ ነፃ አይደሉም። ሊቅን በማሾፍ የጀመረ እርሳስ የሊቁን ወገን በሙሉ እስከ መጥላት ሊሄድ ይችላል። ሆኖም ዱረር ሁለት እጆችን ጎን ለጎን ማስቀመጡን አንርሳ። የሚቆጥረውንና የሚያቋርጠውን።

ጋዜጣ ሲስፋፋ ሸክሙ ለመደ። በ1860 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ በዳርዊን ሐሳብ ላይ ከሃክስሊ ጋር የተከራከረው ጳጳስ ሳሙኤል ዊልበርፎርስ “ሳሙናው ሳም” የሚል ቅጽል ነበረው። ቫኒቲ ፌር የተባለው የለንደን መጽሔት በ1869 ሲያወጣው እጆቹን አገጣጥሞ እንደሚታጠብ ሰው አድርጎ አቀረበው። የተማረ ሰው ነበር፤ ከዕውቀቱ ሁሉ ግን የቀረችው ያች የሳሙና እጅ ናት። በነገራችን ላይ ይኸው መጽሔት በሐምሌ ወር 1897 እ.ኤ.አ. ዳግማዊ ምኒልክንም አውጥቷቸዋል። ከዓድዋ በኋላ ዓለም ሊያያቸው የሚጓጓላቸው ሰው ሆነው ነበርና።

ፈረንሳዊው ኦኖሬ ዶሚዬ ደግሞ ከ1845 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. ሻሪቫሪ በተባለ ጋዜጣ የሕግ ሰዎችን ተከታታይ አድርጎ ሣለ። ጠበቆቹ እጅጌያቸው እንደ ክንፍ ተዘርግቶ እጃቸውን ወደ ጣሪያ ይሰዳሉ። ልደታ ሲባል ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ፍርድ ቤቱ ትዝ ለሚለው አዲስ አበቤ ይህ ሥዕል እንግዳ አይሆንበትም። የበልሃ ልበልሃው ዘመን ተሟጋች ነጠላውንና ዘንጉን እያወናጨፈ ነበር የሚረታው። ሰውም ሙግቱን ያደምጥ የነበረው እጁን እያየ ነው። መቋሚያ የያዘው እጅና የሚሟገተው እጅ በአንድ ሰፈር ተጎራብተው ይኖራሉ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ሊቅ እንምጣ። የሊቃችን የመጀመሪያ ፌዝ የተሣለው በወሬ ነው። የቆሎ ተማሪውን እናውቀዋለን፤ ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ እጁን የሚዘረጋው። ያ የተዘረጋ እጅ በሥርዓቱ ክብር ነበረው። ሕዝቡ ለትምህርት የሚከፍለው ግብር በዚያች መዳፍ ላይ ያርፍ ነበርና። በቀልዳችን ውስጥ ግን ልመናው ብቻ ቀረ። ከዚያ ደብተራው መጣ፤ የእሱ እጅ ክታብ የምትጽፍ፣ አስማት የምትደግም፣ የሰው ሚስት የምታስኮበልል እጅ ሆነች። ዜማውን፣ ቅኔውንና አቋቋሙን ተሸክሞ ያቆየልን ሰው በየቀልዱ አጭበርባሪ ሆኖ ይገባል።

አለቃ ገብረ ሐናን ተመልከቱ። የፍትሐ ነገሥትና የሐዲሳት ሊቅ ነበሩ። ከማኅሌቱ አንዱ የሆነው ተክሌ አቋቋም በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው ከእሳቸው የመነጨ ስለሆነ ነው ይባላል። በዚያ አቋቋም የሠለጠነ ደብተራ መቋሚያውን ይዞ ሲያሸበሽብ የምናየው የአለቃን እጅ ነው ማለት ነው። እኛ ግን ስለ አለቃ የምናወራው ምንድን ነው? ቀልዳቸውን ብቻ። ቀልዱ ሊቁን ዋጠው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ጉዱ ካሳን ሲፈጥሩ ይህን ጠባያችንን አሳምረው አውቀውታል። የተማረው ሰው እውነት ስለተናገረ ስሙ ጉዱ ሆነ፤ ንግግሩም የእብድ ወሬ ተባለ።

ዘመናዊው ምሁር ሲመጣ እጁ ተለወጠ። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1957 ተማሪው “መሬት ለአራሹ” ብሎ ወጣ። የተዘረጋው መዳፍ ተጨበጠ፤ ቡጢ ሆነ። ደርግ ቡጢውን ከተማሪው እጅ ነጥቆ ለሁላችን አከፋፈለን። በየስብሰባው ግራ እጃችንን አንሥተን መፈክር አሰማን። እስቲ አስቡት፤ በብራንካሌዮን ዘመን በግራ ክንድ የተቆጣ ሕዝብ ግራ እጁን ወደ ሰማይ አነሣ! ምሁሩ ደግሞ አወላዋይ ንዑስ ከበርቴ የሚል ስም ተለጠፈበት። ቡጢ ለመሥራት ያልተጣጠፈች ጣት ተጠርጣሪ ሆነች። ስንቱ መምህርና ተማሪ በዚያ ዘመን እንዳለቀ ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ከዚያ 1985 ዓ.ም. መጣ። በጥቅምት ወር የፕሬስ አዋጁ ወጣና የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ፤ ካርቱንም ከእነሱ ጋር። ያኔ የምሁሩ መልክ በየገጹ ላይ ረጋ። ወፍራም መነጽር፣ የተጨማደደ ኮት፣ ብብት ሥር መጽሐፍ፣ ወደ ላይ የተቀሰረች ጣት። አንዳንዴ ሌላው እጅ ባዶ ኪሱን ገልብጦ ያሳያል፤ የደሞዙ ነገር መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ 42 መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተሰናበቱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ሆነ። በጋዜጣ ላይ የምሁሩ ጣት ትልቅ ሆና ተሣለች፤ በክፍል ውስጥ ጠመኔ የያዙ 42 እጆች ከሰሌዳው ተነሡ። ካርቱኑ መባረሩን አመጣ አላልኩም። እንዲያውም ከሠዓሊዎቹ መካከል ለተባረሩት የተቆረቆሩ አይጠፉም። ግን አንድ ሕዝብ የመምህሩን እጅ ለማኝ፣ አስማተኛ ወይም ከሳሽ አድርጎ ማየት ከለመደ፣ ያ እጅ ከሰሌዳው ሲወርድ ምን እንደጎደለበት ቶሎ አይገባውም።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ ደግሞ ሁለት ጣት መጣ። የቅንጅት ምልክት ነበር፤ ከመሪዎቹም መካከል የታወቁ ምሁራን ነበሩ። ለጥቂት ወራት የምሁር እጅ የተስፋ ምልክት ሆና በየታክሲው መስኮት ታየች። መጨረሻው ምን እንደሆነ የምናውቀው ነው፤ ደም ፈሰሰ፣ እስር ሆነ። እኔ ከዚያ ዘመን የማስታውሰው አንድ ነገር አለ። ጣቱን ያነሣ ሁሉ የምሁሩን ሐሳብ አንብቦ አልነበረም። ምልክቷ ከሐሳቡ ቀድማ ሮጠች። ምሁር ሲፌዝበትም ሲመለክም ያው ነው፤ እጁን እናያለን፣ የሚለውን ግን አንሰማም።

አሁን ወደዚያች ባለ ሁለት ስም ጣት እንመለስ። እኛ ማንበብ መማርን “ፊደል መቁጠር” ነው የምንለው። የኔታ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሕፃኑ ስንደዶ ይዞ፣ ስንደዶ ሲጠፋም በጣቱ፣ ከሀ ጀምሮ እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ይጠራል። ሲስት የኔታ ጣቱን ይዘው ወደ ሳታት ፊደል ይመልሱታል። በዱረር ሥዕል ላይ የ12 ዓመቱ ልጅ የሚቆጥረው በጣቱ እንደሆነ ሁሉ፣ የእኛም ትምህርት የሚጀምረው በምትቆጥር ጣት ነው። ይቺ ጣት ማንንም አትከስም። ዝቅ ብላ ወደ ብራናው ታያለች፤ ከኋላዋ ደግሞ ሌላ ትንሽ ጣት ትከተላታለች። አመልካች ጣት የሚለው ስም ያለ ምክንያት አልወጣላትም።

ካርቱን ሠዓሊዎቻችን ፌዛቸውን ይቀንሱ ማለቴ አይደለም። ሊቅ የማይሾፍበት አገር የባሰ ነው፤ አጉል ሊቅም ሞልቷል፤ ጣቱን ቀስሮ ሰው የሚያስፈራራ፣ መጽሐፍ ብብቱ ሥር ይዞ ያልገለጠ። እሱ ይሣል! ይጫንበት! የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሊቁን ጣት ስትሥሉ የምትጠቁመውን ነገር ከወረቀቱ ውጪ አታስቀሩት። ጣቷ ሰማይ ላይ ብቻዋን ከቆመች ሌባ ጣት ናት። ከሥሯ ፊደል ካለ፣ ከፊደሉ አጠገብም ሕፃን ካለ፣ ሌላ ስሟን ታገኛለች። አንባቢም ከሳቀ በኋላ ዓይኑን ከጣቷ ጫፍ ትንሽ አሳልፎ እዚያ ምን እንዳለ ይመልከት።